አደይ አበባ፦ በእርሻችን ድንበር ላይ ያለው የንብ ማሳ

መስከረም ሲጠባ የደጋውና የወይና ደጋው መሬት መልኩን ይለውጣል። ክረምቱን በጭቃና በደመና የከረመው ሜዳ፣ የመንገድ ዳርና የማሳ ድንበር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቢጫ ይለብሳል። ይህን ልብስ የሚያለብሰው አደይ አበባ በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ይዘውት የሚዞሩት፣ በመስቀልም ከደመራው ጋር የሚታሰር የዘመን መለወጫ ምልክት ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። አርሶ አደሩ በማሳው ውስጥ ሲያገኘው አረም ይለዋል፤ በድንበሩ ላይ ሲያየው ደግሞ እንደ ማንኛውም ሣር ያልፈዋል።

ለንብ ግን አደይ አበባ ማለት ለገበሬው ጤፍና ስንዴ ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ ባለው ጊዜ በቀፎ ውስጥ የሚጠራቀመው ማር፣ በኑግ ማሳ ላይ የሚያዘው ዘር፣ እንዲሁም ኅብረ ንቡ በጋውን የሚያልፍበት ስንቅ ከአደይና ከመሰሎቹ አበቦች ጋር የተያያዘ ነው። ወረዳዎች ዘመናዊ ቀፎ ሲያከፋፍሉና የማር ምርት ዕቅድ ሲይዙ፣ አርሶ አደሮችም ፀረ አረም ለመርጨት ሲዘጋጁ፣ ስለዚህ አበባ ጠባይ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አንድ የሚመስለው ብዙ አበባ

አንድ አደይ ቀጥፎ በቅርብ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አንድ አበባ የምንለው በእርግጥ አንድ አበባ አይደለም፤ በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡ የብዙ ትንንሽ አበቦች ጉባኤ ነው። ዙሪያውን የተዘረጉት፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት የሚሆኑት ሰፋፊ ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ሆኖም ዘር አይሰጡም፤ ሥራቸው ንብን ከሩቅ መጥራት ነው። ዘር የሚያፈሩት መሀል ላይ ተጠጋግተው የቆሙት ቱቦ መሰል ጥቃቅን አበቦች ናቸው።

እነዚህ ጥቃቅን አበቦች ሁሉም በአንድ ጊዜ አይከፈቱም። ከዳር ጀምረው ወደ መሀል ተራ በተራ ይከፈታሉ። ስለዚህ አንድ የአደይ ራስ በአንድ ቀን አብቦ የሚያበቃ ሳይሆን ለቀናት ያህል በየዕለቱ አዲስ ገበታ የሚያቀርብ ነው። ንቧ ከዚህ ገበታ ሁለት ነገር ታገኛለች። አንደኛው ማር የሚሆነው የአበባ ወለላ ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ እጮቿን የምታሳድግበት የአበባ ዱቄት ነው። ቱቦዎቹ አጫጭር በመሆናቸው ከማር ንብ ሌላ በመሬት ውስጥና በግንድ ቀዳዳ ለብቻቸው የሚኖሩ ትንንሽ የዱር ንቦች፣ ቢራቢሮዎችና የአበባ ዝንቦችም ይመገቡበታል።

ቢጫ ቀለሙም ያለ ምክንያት አይደለም። ኦስትሪያዊው ሳይንቲስት ካርል ፎን ፍሪሽ ንብ ቀለም እንደምትለይ በሙከራ አሳይቷል። ንብ ቀይ ቀለምን በቅጡ አታይም፤ ቢጫን፣ ሰማያዊንና የሰው ዐይን የማያየውን አልትራቫዮሌት የተባለ ብርሃን ግን ትለያለች። ይኸው ተመራማሪ፣ ጥሩ የአበባ ቦታ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በውዝዋዜ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለጓደኞቿ እንደምትናገር በመግለጡ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ከዚህ ግኝት ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት አለ። ንብ የምትጠራራው ብዙ ወዳለበት ነው። እዚህም እዚያም ከተበተነ ጥቂት አበባ ይልቅ በአንድ ድንበር ላይ ተሰልፎ የበቀለ አደይ ለቀፎው የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።

ስሙና ዘመዶቹ

አደይ አበባ የሚለው ስም የአንድ ተክል ብቻ አይደለም። በሳይንሱ ባይደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ፣ በመልክ የሚቀራረቡና በአንድ ወቅት የሚያብቡ በርካታ ዓይነቶች በዚህ ስም ይጠራሉ። ባይደንስ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በብዙዎቹ ዘር ጫፍ ላይ ካሉት ጥርስ መሰል እሾሆች ነው። በጉዞ ላይ ልብስ ላይ ተጣብቆ የሚያስቸግረው፣ በአንዳንድ አካባቢ ጭጎጎት በሌላው ደግሞ የሰይጣን መርፌ የሚባለው አረም የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። አንዱ የአደይ ዓይነት ባይደንስ ማክሮፕቴራ ይባላል፤ ሁለተኛው ቃል ትልቅ ክንፍ ያለው እንደ ማለት ነው።

የዚህን ወገን ዝርዝር አጥንተው በመጽሐፍ ካስቀመጡት መካከል ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ይጠቀሳሉ። በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያሉትን የባይደንስ ዓይነቶች የሚመለከተው ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ መላ አፍሪካን የሚሸፍነው ደግሞ በ1993 ነው። ከላይ የተጠቀሰው ባይደንስ ማክሮፕቴራ በዓለም የዕፅዋት መዝገብ ላይ ሲጻፍ የእሳቸው ስም አብሮት ይጻፋል።

አደይ ሰፊ ቤተሰብ አለው። ኑግ፣ መጭ፣ ሱፍ፣ ግራዋ፣ ጭቁኝና ሰላጣ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከአደይ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው መጭ ነው። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ያብባሉ። መለያው ቅጠላቸው ነው። የመጭ ቅጠል እንደ ኑግ ያልተከፋፈለና በግንዱ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ የተለመደው አደይ ቅጠል ግን ብዙ ቦታ የተሰነጠቀ ነው።

አብዛኛው የአደይ ዓይነት ዕድሜው አንድ ወቅት ነው። ዘሩ በጋውን መሬት ላይ ይቆይና በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ዝናብ ይበቅላል። ክረምቱን ያድጋል፤ ጳጉሜንና መስከረም ላይ ያብባል፤ በጥቅምትና በኅዳር ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዘሩን ሳይጥል የታጨደ ወይም የተረጨበት አደይ ለከርሞ የሚተካው እንደማይኖር ነው። ቢጫው በየዓመቱ በራሱ የሚመጣ ቢመስልም፣ የሚመጣው አምና የወደቀ ዘር ስላለ ብቻ ነው።

ከክረምት ረሃብ እስከ ማር ቆረጣ

በደጋማው አካባቢ ክረምት ለንብ የችግር ጊዜ ነው። ዝናቡና ብርዱ ከቀፎ እንዳትወጣ ያደርጋታል፤ የወጣችውም የምትቀስመው አበባ ጥቂት ነው። ዝናቡ ሲቀንስ ግን ማገጥ፣ አደይ፣ መጭና ኑግ ተከታትለው ያብባሉ። የአበባ ዱቄት ወደ ቀፎ መግባት ሲጀምር ንግሥቲቱ እንቁላል መጣሏን ትጨምራለች።

አንድ ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነስታ ሙሉ ንብ ለመሆን ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። ከተፈለፈለች በኋላም የመጀመሪያ ሳምንታቷን የምታሳልፈው በቀፎ ውስጥ ነው፤ እጭ ትመግባለች፣ ሰፈፍ ትሠራለች፣ ቤት ትጠብቃለች። አበባ ለመቅሰም የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በጥቅምት አጋማሽ ኑግ ላይ የምትሠራው ንብ የተጣለችው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ነው። በዚያ ጊዜ የአበባ ዱቄት ካልነበረ በጥቅምት ሜዳው ሁሉ ቢያብብ እንኳ የሚቀስም ሠራዊት አይኖርም። ቀድሞ የሚያብበው የድንበር አበባ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ማር ከመስጠቱ በፊት ማር የሚሠሩትን ንቦች ያሳድጋል።

ብዙ ንብ አናቢዎች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ የሚቆርጡት ማር የዚህ ወቅት ፍሬ ነው። ንቦቹ ያመጡት ወለላ ብዙ ውኃ ያለበት በመሆኑ በክንፋቸው እያራገቡ የውኃው መጠን ከ20 በመቶ በታች እስኪወርድ ያደርቁታል፤ ሲበስል በሰፈፍ ይከድኑታል። ሳይከደን የተቆረጠ ማር ውኃው ስለሚበዛ ቶሎ ይቦካል። የሸማቹን አመኔታና ዋጋውን የሚያጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዎች አብዛኛው የማር እንጀራ እስኪከደን መጠበቅንና ለንቦቹ የበጋ ስንቅ መተውን የሚመክሩት ለዚህ ነው።

የኑግ ዘር በንብ እግር

ኑግ መነሻው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሆነ የቅባት እህል ነው። የዱር ዘመዱ መጭ ዛሬም በየማሳው ዳር ይበቅላል። ኑግ ከስንዴና ከጤፍ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ስንዴና ጤፍ ዘር ለመያዝ ንብ አያስፈልጋቸውም፤ በራሳቸው ዱቄት ዘር ይይዛሉ። ኑግ ግን የራሱን ዱቄት አይቀበልም። ዘር የሚይዘው ከሌላ የኑግ ተክል የመጣ ዱቄት ሲደርሰው ብቻ ነው። ይህን ዱቄት ከተክል ወደ ተክል የማድረስ ሥራ ርክበ ብናኝ ይባላል፤ በኑግ ላይ ሥራውን በዋናነት የሚሠሩት ንቦች ናቸው። ንብ እንዳይደርስበት በመረብ የተሸፈነ ኑግና ንብ የጎበኘው ኑግ ተነጻጽረው በተደረጉ ጥናቶች፣ የተሻለ ዘር የሰጠው ንብ የጎበኘው ነው።

ይህ ማለት ቀፎ የሌለው ኑግ ዘሪም የጎረቤቱ ንብ ተጠቃሚ ነው ማለት ነው። ኑጉ አምሮ ካበበ በኋላ ራሱ ባዶ የሚሆንበት ገበሬ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን በአፈሩ፣ በዝናቡ ወይም በዘሩ ላይ ይፈልጋል። እነዚህ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በአበባው ሰሞን ማሳው ውስጥ ገብቶ የንብ ድምፅ መኖር አለመኖሩን ማዳመጥም የምርመራው አካል መሆን አለበት።

አረም ነው ወይስ ሀብት?

ገበሬው አደይን አረም ማለቱ ስህተት አይደለም። በጤፍ ወይም በስንዴ መሀል የበቀለ አደይ ከሰብሉ ጋር ውኃ፣ ብርሃንና ለም አፈር ይሻማል፤ መነቀል አለበት። ጥያቄው ከማሳው ውጪ ያለውን ምን እናድርገው ነው።

በሰፊው የሚታወቀው ቱፎርዲ የተባለው ፀረ አረም የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ የሣር ወገን በመሆናቸው ይተርፋሉ። አደይ፣ መጭና ማገጥ ግን አይተርፉም። ኑግ፣ ባቄላና አተርም እንዲሁ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ናቸው። በነፋስ ሰዓት የተረጨ ፀረ አረም ድንበር ተሻግሮ የጎረቤትን ኑግ የሚያጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው። ለአደይ የሚከፋው ኬሚካል ለቅርብ ዘመዱ ለኑግም አይራራም።

ፀረ አረሙ ብዙውን ጊዜ ንቧን በቀጥታ አይገድልም፤ የሚያጠፋው ምግቧን ነው። ፀረ ተባይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች ነፍሳትን ለመግደል የተሠሩ በመሆናቸው ተባዩንና ንቧን አይለዩም። ባበበ ሰብል ላይ ወይም ከሥሩ ያበበ አረም ባለበት ማሳ ላይ በረፋድ የተረጨ ፀረ ተባይ በዚያው ቀን ቀፎ ባዶ ሊያደርግ ይችላል።

ሦስተኛው ችግር ድንበር እስኪጠፋ ማረስ ነው። መሬት ሲጠብ እያንዳንዱ ስንዝር መታረሱ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም አንድ ስሌት እንመልከት። 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር ማሳ ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ቢተውለት የሚወጣበት መሬት 99 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከመቶ 4 እጅ ያህል ነው። ጎረቤቱም በበኩሉ ግማሽ ሜትር ቢተው በመካከላቸው የአንድ ሜትር የአበባ መስመር ይኖራል። በአንድ ቀበሌ 1 ሺህ እንዲህ ያሉ ማሳዎች ይህን ቢያደርጉ 10 ሄክታር ገደማ የንብ ማሳ ተገኘ ማለት ነው። አብዛኛው ድንበር፣ የእርከን ጠርዝና የቦይ ዳር ደግሞ አስቀድሞም የማይታረስ ነው። ከገበሬው የሚጠበቀው አዲስ መሬት መስጠት ሳይሆን ያለውን አለመርጨትና ዘሩን እስኪጥል አለማጨድ ነው።

ንብ የቀበሌ ድንበር አታውቅም

ንብ ከቀፎዋ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ድረስ ሄዳ ትቀስማለች። ሁለት ኪሎ ሜትሩን ብቻ ብንወስድ በቀፎው ዙሪያ የሚኖረው ስፋት ከ1 ሺህ 200 ሄክታር በላይ ነው። አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ንብ አናቢ በራሱ ማሳ ላይ የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ፣ ንቦቹ ከሚውሉበት መሬት ከሺህ አንዱን እንኳ አይቆጣጠርም። የሱ ማር የሚወሰነው በጎረቤቶቹ የርጭት ቀንና በድንበራቸው አያያዝ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጥንቃቄ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ቀበሌው በጋራ የሚወስንበት ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ አገር ናት። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ወጥቶ ሀብቱ የሕግ ከለላ እንዲኖረው ተደርጓል። የሚቀረው ሕጉን በየማሳው ድንበር ላይ ሥራ ማድረግ ነው።

ምን ይደረግ?

አርሶ አደሩ ከዚህ መኸር ጀምሮ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ብዙ ወጪ የላቸውም።

በማሳ ውስጥ ያለውን አደይ ይንቀል፤ በድንበር፣ በእርከንና በቦይ ዳር ያለውን ግን እስከ ኅዳር ይተው። ፀረ አረም የሚረጭ ከሆነ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከድንበሩ ገባ ብሎ ይርጭ። ፀረ ተባይ መርጨት ግድ ሲሆን ያበበ ሰብል ላይ ከመርጨት ይቆጠብ፤ ካልሆነም ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ማታ ላይ ይሁን። ከርጭቱ አንድ ቀን በፊት በአካባቢው ላሉ ንብ አናቢዎች ይናገር። ቀድሞ የተነገረው ሰው አየር እንዳይታፈን ተጠንቅቆ የቀፎውን በር ለጊዜው ሊዘጋ ይችላል።

በጓሮው አደይ ማብቀል የሚፈልግም ቀላል ነው። በኅዳር ራሱ ደርቆ ሲጠቁር ዘሩን በጨርቅ ላይ አራግፎ፣ በደረቅ ቦታ አስቀምጦ፣ በሰኔ መጀመሪያ ዝናብ በተቆፈረ መሬት ላይ መበተን ነው። ተክሉ በተፈጥሮው ከመሬት ገጽ የሚበቅል በመሆኑ ዘሩን በጥልቀት መቅበር አያስፈልግም። ከቀፎ ማስቀመጫው አጠገብና በአጥር ዙሪያ ቢሆን ይመረጣል። ለእንቁጣጣሽ ለሚቀጥፉ ልጆችም ከአንድ ቦታ ሁሉንም እንዳይነቅሉ፣ ከሥሩ ሳይሆን ከግንዱ እንዲቀጥፉ ማስተማር ይገባል። የቀረው ዘሩን ይጥላል፤ ለከርሞም ያብባል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የድርሻቸው አላቸው። ቀፎ ማር አይሠራም፤ ማር የሚሠራው ንብ ነው፣ ንብ ደግሞ ያለ አበባ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ዘመናዊ ቀፎ በብዛት ከማከፋፈል በፊት በአካባቢው በየትኛው ወር ምን እንደሚያብብ የሚያሳይ ሰሌዳ ማዘጋጀት ይቀድማል። ሰሌዳው ከመስከረም እስከ ኅዳር አደይን፣ መጭንና ኑግን ቢይዝ በሌሎቹ ወራት ደግሞ ግራዋ፣ ብሳና፣ ግራርና ባሕር ዛፍ ክፍተቱን ይሞላሉ። ክፍተት የሚታይበት ወር ላይ ምን እንደሚተከል ያን ጊዜ ይታወቃል። ራይንሃርድ ፊክትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ለዚህ ሥራ መነሻ ይሆናል። የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከልም በዘርፉ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው።

ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ የተከለሉ ተፋሰሶች ሌላው ዕድል ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ሣር የሚታጨድበት ቀን ከአደይ ዘር መጣያ በኋላ ቢሆን ሣሩም አበባውም ይገኛል። ተደራጅተው ንብ ለሚያንቡ ወጣቶች የሚሰጠውም ቦታ ከዚህ ጋር ቢጣመር ውጤቱ የተሻለ ይሆናል። የመንገድ ዳር ጽዳትም እንዲሁ ለበዓል ተብሎ በመስከረም ከሚመነጠር ኅዳር ላይ ቢሠራ ጉዳት የለውም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ደግሞ የርጭት ምክር ሲሰጡ ስለ መድኃኒቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ስለ ሰዓቱና ስለ ጎረቤት ቀፎም አብረው ቢናገሩ ብዙ ጠብና ኪሳራ ይቀንሳል።

አደይ አበባ ማንም ሳይዘራው፣ ማዳበሪያ ሳይጠይቅና ውኃ ሳይጠጣ ለዘመናት ንብን ሲቀልብ ኖሯል። አሁን የሚጠይቀን ሥራ አይደለም፤ ዘሩን እስኪጥል ድረስ ጥቂት ሳምንታት እንድንታገሠው ነው። ይህ ሰሞን የማሳ ድንበር የሚጸዳበትና ርጭት የሚታቀድበት ነው። በየቀበሌው ስብሰባ ላይ ድንበሩ እስከ ኅዳር ይቆይ የሚል አንድ ውሳኔ ቢተላለፍ፣ ፍሬው በኅዳር በማር እንጀራው ላይ፣ በታኅሣሥ ደግሞ በኑግ አውድማው ላይ ይታያል።